ላፕቶፕ ቤት ውስጥ ሁሌ እንደተሰካ መጠቀም ባትሪውን ይገለዋል ወይስ አይገለውም?

ሚሚ_ከቤት

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ስራዬን የምሰራው ከቤት ነው፣ ላፕቶፑ ውሎውም አዳሩም ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከትልቅ ስክሪን ጋር አገናኝቼው ቻርጀሩ አይነቀልም ማለት ይቻላል፣ ይዤው የምወጣው አልፎ አልፎ ነው። አሁን አዲስ ስለገዛሁ ባትሪውን ከመጀመሪያው በደንብ ልያዘው ብዬ ሰው ስጠይቅ ሁሉም የየራሱን ነው የሚነግረኝ። አንዱ 100 ሲሞላ ንቀይው አለበለዚያ ይቃጠላል ይላል፣ ሌላው በሳምንት አንዴ እስኪጠፋ ድረስ ጨርሺው ይላል፣ ሌላው ደሞ ባትሪውን አውጥተሽ በቻርጀር ብቻ ተጠቀሚ ይላል (የኔ ባትሪ ውስጥ የታሸገ ነው፣ ብሎን ሳይፈታ አይወጣም)። የቱን ልስማ? አራት አምስት አመት እንዲቆይልኝ ነው የምፈልገው። የሚያውቅ ሰው ምክንያቱንም ጨምሮ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል፣ "እንዲህ አድርጊ እንዲህ አታድርጊ" ብቻውን ሰልችቶኛል።

አሮጌው_ዊንዶውስ

አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ሳትከፍቺው 8 ሰአት ቻርጅ አድርጊው፣ ከዛ ሙጥጥ አድርገሽ ጨርሺው፣ ይሄን ሶስት ጊዜ ስትደጋግሚው ባትሪው ይነቃል። ከዛ በኋላም በየሳምንቱ ዜሮ ማድረስ ነው፣ ካልሆነ ግማሽ ላይ መሰካት ይለምድና ግማሹን ብቻ ነው የሚሰጥሽ። እኛ ድሮም እንዲህ ነው የያዝነው፣ ሰርቷል።

ሰርኪት_ቦርድ

@አሮጌው_ዊንዶውስ ወንድሜ ለድሮዎቹ ልክ ነህ፣ ግን ይሄ የኒኬል ካድሚየም (ድሮ የነበረው የባትሪ አይነት) ምክር ነው። "ይለምዳል" የሚባለው ነገር የመጣው ከዛ ነው። ሶኒ በፈረንጆቹ 1991 ሊቲየም አዮንን ለገበያ ካወጣው በኋላ ላፕቶፑም ስልኩም ቀስ በቀስ ወደዛ ዞሯል፣ ምክሩ ግን አልዞረም፣ ሰው አሁንም ለሌላ ባትሪ የተሰጠ ምክር ነው የሚቀባበለው። ሊቲየም አዮን አይለምድም፣ መንቃትም አያስፈልገው፣ በየሳምንቱ ዜሮ ማድረስማ ጭራሽ ጉዳት ነው።

@ሚሚ_ከቤት ምክንያቱን ስለፈለግሽ ትንሽ ላርዝመው። 100 ሞልቶ እንደተሰካ ሲቆይ "እየሞላ እየሞላ ይፈነዳል" የሚባለው ውሸት ነው፣ ውስጡ ያለው ሰርኪት ሲሞላ ቻርጁን ይቆርጠዋል፣ ከዛ በኋላ ላፕቶፑ የሚሰራው በቀጥታ ከቻርጀሩ በሚመጣው ሀይል ነው፣ ባትሪው ዝም ብሎ ቁጭ ነው የሚለው። በራሱ ትንሽ ሲወርድ፣ ብዙዎቹ ላይ 95 ምናምን ሲደርስ፣ መልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ እንደተሰካ መተዉ በራሱ ችግር አይደለም። ችግሩ የት ቁጭ እንዳለ ነው። አንድ ሴል (ባትሪው የተሰራው ከብዙ ሴል ነው) ሲሞላ 4.2 ቮልት አካባቢ ይደርሳል፣ አዳዲሶቹ እንደውም 4.35 እና ከዛም በላይ የሚሄዱ አሉ፣ በዚህ ቮልቴጅ ላይ ሲቆይ ውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት የሚባለው ፈሳሽ ከፖዘቲቩ ጫፍ ጋር ቀስ እያለ መፋጨት ይጀምራል። ተወጥሮ እንደተተወ ላስቲክ በይው፣ ባትነኪውም እየላላ ነው የሚሄደው። 80 ፐርሰንት ላይ ስታቆሚው ወደ 4 ቮልት ነው የሚወርደው፣ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል ግን በአመታት ሲደመር ትልቅ ነው።

በዛ ላይ ሙቀት ሲጨመር ነው ጉዱ። ባትሪ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ድረ ገጽ ያወጣውን ሰንጠረዥ ብታዪ፣ 25 ዲግሪ ላይ አመት ሙሉ 40 ፐርሰንት ተሞልቶ የተቀመጠ ባትሪ ከአቅሙ 96 ፐርሰንት ይቀርለታል፣ 100 ሞልቶ የተቀመጠው ግን 80 ብቻ። ሙቀቱን 40 ዲግሪ ስታደርጊው 85 እና 65 ይሆናል። ልብ በይ ይሄ ሳይነካ ዝም ብሎ የተቀመጠ ባትሪ ነው። ሁሌ ተሰክቶ የሚሰራ ላፕቶፕ ውስጥ ደሞ ሙሉም ነው ሙቅም ነው፣ ሁለቱም አንድ ላይ።

ስለዚህ ላንቺ አይነት አጠቃቀም መልሱ አጭር ነው። እንደተሰካ ተይው፣ ቻርጁን 80 ላይ (ከተቻለም 60 ላይ) ገድቢው፣ እንዳይግል አድርጊ። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ሚሚ_ከቤት

ዋው እንዲህ ነው እንጂ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን መገደቡ የት ነው ያለው? ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ገብቼ አጣሁት።

ቻርጀር_በእጄ

ዊንዶውሱ ውስጥ አይደለም እህቴ፣ ላፕቶፑን የሰራው ካምፓኒ አፕ ውስጥ ነው ወይ ደሞ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ)። ሌኖቮ ከሆነ ሌኖቮ ቫንቴጅ የሚለውን አፕ ከፍተሽ ፓወር ውስጥ ኮንሰርቬሽን ሞድ የሚል አለ፣ እንደ ሞዴሉ 60 ወይ 80 አካባቢ ያቆመዋል፣ ቲንክፓድ ከሆነ ደሞ የት ላይ መሙላት እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያቆም ራስሽ ቁጥር ትሰጪዋለሽ። አሱስ ማይ አሱስ የሚለው አፕ ውስጥ ባትሪ ሄልዝ ቻርጂንግ አለው፣ 80 እና 60 ምርጫ ይሰጣል። ዴል ባዮስ ውስጥም አፑ ውስጥም አለ፣ ፕራይመሪሊ ኤሲ ዩዝ የሚለው ሁሌ ለሚሰካ ሰው የተሰራ ነው፣ ከስተም ላይ ደሞ ቁጥሩን ራስሽ ትመርጫለሽ። ኤችፒ በተለይ የቢሮዎቹ ሞዴሎች ባዮስ ውስጥ ባትሪ ሄልዝ ማኔጀር አላቸው። ኤሰርም ኬር ሴንተር ወይም አዲሶቹ ላይ ኤሰርሴንስ ውስጥ 80 ላይ የሚያቆም አለው። ኤምኤስአይም እንዲሁ። የማንኛው ነው ያንቺ?

ሚሚ_ከቤት

ሌኖቮ ነው፣ አይዲያፓድ። ቫንቴጁን አውርጄ ኮንሰርቬሽን ሞድ የሚለውን አበራሁት ግን ምንም አልሰራም፣ አሁንም 100 ነው የሚለው። ታች ጥጉ ላይ ደሞ "ተሰክቷል ቻርጅ እያደረገ አይደለም" የሚል ነገር መጣ። ተበላሸ እንዴ?

ቻርጀር_በእጄ

ሃሃ አይ አልተበላሸም፣ እንደውም መስራቱን ነው የነገረሽ። ሁሉም እዚህ ጋ ነው የሚደነግጠው። ገደቡ አዲስ ቻርጅ እንዳይገባ ነው የሚከለክለው፣ ብዙዎቹ ላይ የገባውን አያወጣም። 100 ላይ እያለ ካበራሽው እዛው 100 ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ቻርጀሩን ንቀይና ስራሽን ቀጥዪ፣ ከገደቡ በታች ሲወርድ መልሰሽ ሰኪው፣ ከዛ በኋላ ከገደቡ አያልፍም። "ቻርጅ እያደረገ አይደለም" የሚለው ጽሁፍ ግን ይቀጥላል፣ እሱን ችላ በይው። ሰው ይሄን አይቶ ቻርጀር የሚቀይር አለ።

የባትሪ_ባሪያ_አይደለሁም

ይቅርታ ግን እኔ ይሄ ነገር አይገባኝም። ባትሪው ከሶስት አመት በኋላ 80 ፐርሰንት አቅም ብቻ እንዳይቀረው ብላችሁ ዛሬውኑ 80 ላይ ትገድቡታላችሁ፣ ታዲያ 20 ፐርሰንቷን ከመጀመሪያው ቀን አጣችሁ ማለት አይደል? እኔ ላፕቶፕ የገዛሁት ልጠቀምበት ነው እንጂ ላስታምመው አይደለም። ባትሪ አላቂ እቃ ነው፣ ሲያልቅ ይቀየራል በቃ።

ሰርኪት_ቦርድ

ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቀኑን ሙሉ ይዞ ለሚዞር ሰው እኔም 80 ላይ ገድብ አልልም፣ ያስፈልገዋል፣ ይሙላው ይጠቀምበት። ግን ጠያቂዋ ያለችው ሁሌ ተሰክቶ ነው። እዛች 20 ፐርሰንት ውስጥ ያለውን ሀይል አንድም ቀን አትነካውም፣ የማትጠቀመው ነገር አልጎደለባትም። ልትወጣ ስትል ደሞ ማታውኑ ገደቡን ታጠፋዋለች፣ 100 ይሞላል፣ ስትመለስ ታበራዋለች። ጉዳቱ 100 መንካቱ ሳይሆን ሳምንትና ወር እዛው ላይ መክረሙ ነው።

"ሲያልቅ ይቀየራል" የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የድሮዎቹ ባትሪዎች ከታች በሁለት መቆለፊያ ነበር የሚወጡት፣ አሁን ግን ብዙዎቹ በብሎን፣ አንዳንዶቹም በማጣበቂያ ነው የተያዙት፣ ኦሪጅናሉን ለማግኘት ሞዴሉ ካረጀ በኋላ መከራ ነው፣ ተመሳስሎ የተሰራው ደሞ ጥራቱ አይታወቅም። በስራዬ የማየው ነው፣ ላፕቶፑ ደህና ሆኖ በባትሪ ምክንያት የሚጣል አለ።

የባትሪ_ባሪያ_አይደለሁም

እሺ ለተሰካ ላፕቶፕ ገባኝ። ግን ያንን ማብራት ማጥፋቱ ራሱ አሰልቺ ነው፣ እኔ ብሆን አንዴ አብርቼ ነው የምረሳው።

ሰርኪት_ቦርድ

እርሳው እኮ ነው የምልህ፣ ጥሩነቱ እሱ ነው።

ጠዋት_ጠዋት

እኔ ደሞ ያለ ምንም አፕ ነው የምይዘው። 80 ሲደርስ እነቅለዋለሁ 30 ሲደርስ እሰካዋለሁ፣ አላርም የሚያሰማ ትንሽ ፕሮግራም ጭኛለሁ። ከ20 እስከ 80 ያለው ጤናማው ነው ስለሚባል ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የምጫወተው። ይሄስ አይሻልም?

ቻርጀር_በእጄ

አይሻልም ወንድሜ፣ አጉል ድካም ነው። ሳይክል የሚባለውን አስበው፣ አንድ ሳይክል ማለት በድምሩ 100 ፐርሰንት ያህል ተጠቅመህ ስትጨርስ ነው፣ በአንድ ጊዜም ይሁን በቁርጥራጭ። ከ80 እስከ 30 በቀን አንዴ ብታወርደው 50 ፐርሰንት ነው፣ በሁለት ቀን አንድ ሳይክል ሞላህ፣ የስራ ቀናትን ብቻ ብንቆጥር እንኳን በአመት ከ100 ሳይክል ያልፋል። በቀን ሁለቴ ካደረግከው እጥፉ። የላፕቶፕ ባትሪ ደሞ ብዙው ለ300፣ ለ500፣ ጥሩዎቹ ለ1000 ሳይክል ነው የሚሰሩት (አፕል ለአሁኖቹ ማክቡኮች 1000 ነው የሚለው፣ ከዛ በኋላም 80 ፐርሰንት አቅም እንዲቀረው ተብሎ ነው)። እኛ 80 ላይ ገድበን ሰክተን የተውነው ግን ሳይክል ቆጣሪው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። አንተ ሶኬት አጠገብህ እያለ ባትሪውን እያስጋጥክ ነው ያለኸው።

ከ20 እስከ 80 የሚባለው ደሞ ባትሪ የግድ ለሚጠቀም ሰው ነው፣ ካወረድክ እንዲህ አውርድ ለማለት እንጂ አውርደው ለማለት አይደለም።

ጠዋት_ጠዋት

እም። አላርሙን ላጥፋው እንግዲህ፣ ሚስቴ በጣም ነው ደስ የሚላት።

ሄድሾት

የኔን ስሙኝ። ጌሚንግ ላፕቶፕ ነው፣ ተሰክቶ እየተጫወትኩ እያለ ባትሪው ይወርዳል!! 100 ጀምሬ ከሁለት ሰአት በኋላ 85 ምናምን። ቻርጀሩ ሞቷል ወይስ ባትሪው?

ሰርኪት_ቦርድ

በየትኛው ቻርጀር ነው የሰካኸው? ከካርቶኑ ጋር በመጣው ትልቁ ነው ወይስ በዩኤስቢ ሲ?

ሄድሾት

በዩኤስቢ ሲ፣ 65 ዋት ነው። ትልቁ ጡብ የሚያህለው ሻንጣ ውስጥ ነው ያለው፣ ከብዶኝ ነው።

ሰርኪት_ቦርድ

በቃ መልሱ እሱ ነው፣ ማንም አልሞተም። ጌም ላይ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ሁለቱም ሲነሱ 150 ዋትም 200 ዋትም ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ቻርጀሩ 65 ነው የሚሰጠው፣ የጎደለውን ከየት ያምጣው? ከባትሪው ነው የሚሞላው። በትልቁም ቻርጀር ቢሆን አንዳንድ ሞዴሎች ጫናው ጣሪያ ሲነካ ለትንሽ ጊዜ ከባትሪው ይበደራሉ፣ ተብሎ የተሰራ ነው። ስለዚህ ስትጫወት ጡቡን አውጣው፣ 65ቱን ለጽሁፍና ለፊልም ተወው።

አንተ ጋ ደሞ ከምንም በላይ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። የብዙ ጌሚንግ ላፕቶፕ ባትሪ ከእጅ ማሳረፊያው ስር ነው ያለው፣ ከማቀዝቀዣው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ግን ሙሉ አካሉ ሲግል እሱም አብሮ ይግላል። እጅህን የምታሳርፍበት ቦታ የሚያቃጥልህ ከሆነ ባትሪውም እየተሰማው ነው። ከኋላ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ አልጋና ትራስ ላይ አትጫወት፣ የፋኑን አቧራ አስጠርግ፣ ፍሬም ሬቱን ስክሪንህ ከሚችለው በላይ አታስኪደው። ገደቡን ደሞ 60 አድርገው፣ ተሰክቶ ነው የምትጫወተው መቼም።

ሄድሾት

ጡቡን አወጣሁት 😂 እውነትም አልወረደም።

ጋሽ_ንባብ

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ውይይታችሁን እያነበብኩ ነበር። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ያለኝ ላፕቶፕ የቆየ ነው፣ ባትሪው ከስር ይወጣል፣ እናንተ የምትሉት አይነት መገደቢያም የለውም፣ ፈልጌ አጥቻለሁ። ልጄ ባትሪውን አውጥተህ አስቀምጠውና በቻርጀሩ ብቻ ተጠቀም ብሎኛል። ይህ ትክክል ነው?

ሰርኪት_ቦርድ

ጋሼ እንኳን ደህና መጡ። ልጅዎ ያለው ለእርስዎ አይነት ላፕቶፕ ይሰራል፣ ባትሪውን ከሙቀት ስለሚያርቀው ይጠቅመዋል። ግን ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ ባትሪው ከሌለ መብራት ብልጭ ሲል ወይም ገመዱ በእግር ሲነካ ላፕቶፑ እዛው በዛው ድርግም ነው የሚለው፣ የሚጽፉት ነገር ካለ ይጠፋብዎታል፣ ክፉ ቀን ከሆነ ሃርድ ዲስኩንም ይጎዳዋል። ሁለተኛ አንዳንድ ላፕቶፖች ባትሪ ሲወጣባቸው ዝግ ይላሉ፣ ባትሪው የጫና መደገፊያ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቢያወጡትም ሙሉ አድርገው አያስቀምጡት፣ ግማሽ ገደማ ላይ ያውጡትና ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ያኑሩት፣ በየሁለት ሶስት ወሩ ይመልከቱት።

እኔን ከጠየቁኝ ግን ላፕቶፑ የቆየ ከሆነ ባትሪው እላዩ ላይ ቢኖር ይሻላል እላለሁ። ስራዎ ሳይጠፋ እንዲቀር ማድረጉ ከባትሪው እድሜ ይበልጣል። ሲጨርሱ ብቻ አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉት፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ 100 ላይ አይደር።

ጋሽ_ንባብ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው ባትሪው ይቀመጥ፣ ማታ ማታ እነቅለዋለሁ።

ፔንግዊን_ነኝ

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ካላችሁ የካምፓኒ አፕ አያስፈልጋችሁም፣ ላፕቶፑ የሚደግፍ ከሆነ ከርነሉ ራሱ ያውቀዋል። ቲኤልፒ የሚባለውን ጭናችሁ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ መጀመሪያና ማቆሚያውን ቁጥር መስጠት ነው። ኬዲኢ ፕላዝማም ፓወር ሴቲንግ ውስጥ አስገብቶታል፣ ኖም ደሞ ከ48 ጀምሮ ሴቲንግ ውስጥ የባትሪ ጤና ጠብቅ የሚል ምርጫ አምጥቷል። የማይደግፍ ሃርድዌር ላይ ግን ምርጫው ጭራሽ አይታይም፣ አትልፉ።

ቀይ_ቀሚስ

እኔ የመጣሁት በሌላ ጉዳይ ነው ግን እዚህ ብጠይቅ ይሻላል መሰለኝ። ላፕቶፔ ከሆነ ጊዜ ጀምሮ ታችፓዱ ክሊክ አልል አለኝ፣ ስጫነው ድርቅ ይላል። አቧራ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ደሞ ስዘጋው ክዳኑ ፊት ለፊት ላይ አይገጥምም ትንሽ ክፍተት ይታያል፣ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ደሞ ሚዛኑ ልክ አይደለም፣ ይወዛወዛል። ሁሌ ተሰክቶ ነው የምጠቀመው እንደ ሚሚ። ምን ሊሆን ይችላል?

ሰርኪት_ቦርድ

እህቴ ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ሳይሆን አሁኑኑ ፋይልሽን ሴቭ አድርገሽ አጥፊው፣ ቻርጀሩንም ንቀይ። ባትሪው አብጧል። ታችፓዱን ከስር እየገፋው ያለው እሱ ነው፣ የሚወዛወዘውም የታችኛውን ክዳን ስለገፋው ነው።

ከዚህ በኋላ አትሰኪው፣ "አንዴ ብቻ ፋይል ላውጣ" ብለሽም ቢሆን። አትጫኚው፣ ክዳኑን በግድ ለመግጠም አትሞክሪ። ወደ ቴክኒሻን እስክትወስጂው ድረስ ጠንካራና በቀላሉ እሳት የማይያዝ ነገር ላይ አስቀምጪው፣ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ጥሩ ነው፣ ሶፋ ላይ ልብስ መሀል አይሁን፣ ፀሀይ አይንካው። ፍሪጅ ውስጥም አይገባም። ውስጡ ያለው ጋዝ ነው፣ ኤሌክትሮላይቱ በሙቀትና በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲበላሽ የሚወጣ ጋዝ። ጋዙን ላስተንፍሰው ብሎ በመርፌ የሚወጋ ሰው አለ፣ እንደዛ ያለ ነገር እንዳታስቢ፣ እዛው እጅሽ ላይ ነው የሚቀጣጠለው። ፋይልሽ አይጠፋም፣ ባትሪው ከወጣ በኋላ በአብዛኞቹ ላይ በቻርጀር ብቻ ሊነሳ ይችላል፣ ካልሆነም ፋይሉ ያለበትን ኤስኤስዲ አውጥቶ ማንበብ ይቻላል። የወጣውን ባትሪ ደሞ ቆሻሻ ውስጥ አትጣዪው፣ ለሚቀበል ሰው ወይም ድርጅት ነው የሚሰጠው።

ቀይ_ቀሚስ

ኧረ በማርያም! አጠፋሁት። ኮሪደሩ ላይ ሴራሚኩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከስልኬ ነው የምጽፈው። ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ።

የባትሪ_ባሪያ_አይደለሁም

እሺ ይሄኛው እኔንም አስደነገጠኝ። እኔም አሁን ገልብጬ እያየሁት ነው። ለጥ ያለ ነው ተመስገን።

ሚሚ_ከቤት

ይቅናሽ ቀይ ቀሚስ፣ ከወሰድሽው በኋላ ንገሪን። የኔ 80 ላይ ቆሟል፣ አሁን ሁለት ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ባትሪው ምን ያህል እንደተጎዳ በምን አውቃለሁ? እና ደሞ አንድ ቦታ ካሊብሬት ማድረግ ያስፈልጋል የሚል አነበብኩ፣ እሱ በየሳምንቱ ዜሮ ማድረስ ከሚለው በምን ይለያል?

ቻርጀር_በእጄ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቺና ፓወር ሲኤፍጂ ብለሽ በአንድ ቃል ጻፊ፣ ስፔስ፣ ስላሽ፣ ከዛ ባትሪ ሪፖርት የሚለውን በእንግሊዝኛ አያይዘሽ ጻፊና ኢንተር በይ። ፋይሉን የት እንዳስቀመጠው ራሱ ይነግርሻል፣ በብራውዘር ትከፍቺዋለሽ። እዛ ላይ ሁለት ቁጥር ነው የምታዪው፣ ዲዛይን ካፓሲቲ ማለት ሲሰራ የተባለለት አቅም ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ ማለት አሁን ሲሞላ የሚይዘው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍዪው። ሳይክል ቆጣሪውም እዛው ከስሩ አለ፣ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ግን ባዶ ነው የሚያሳየው። ማክ ላይ ሲስተም ሪፖርት ውስጥ ፓወር የሚለው ጋ ነው፣ ሳይክሉን ያሳይሻል።

ሚሚ_ከቤት

አየሁት። ዲዛይኑ 57,000 ሚሊዋት አወር ይላል፣ ፉል ቻርጁ 55,860። አዲስ ሆኖ እንዴት ከመጀመሪያው ጎደለ?

ሰርኪት_ቦርድ

98 ፐርሰንት ነው፣ ጤነኛ ነው። አዲስ ላይ 97ም ይገኛል 103ም ይገኛል፣ ሴሎቹ እኩል ሆነው አይሰሩም። ደሞ ያ ቁጥር ግምት ነው፣ ባትሪው ውስጥ ያለ ቺፕ የገባውንና የወጣውን ከረንት እየቆጠረ የሚሰላው። በየቀኑ ከፍተሽ እያየሽ አትጨነቂ፣ አንድ ሳምንት ሁለት ፐርሰንት ወርዶ በሚቀጥለው ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።

ካሊብሬሽኑም ከዚህ ጋር ነው የሚገናኘው። ወራት ሙሉ 80 ላይ ቆሞ ሲቆይ ቺፑ የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ ስለማያይ ግምቱ ይዛባል። ምልክቱ፣ 30 ፐርሰንት እያለ ድንገት ድርግም ማለት ወይም ከ45 ወደ 20 መዝለል ነው። ያኔ ገደቡን አጥፍተሽ 100 አድርሺው፣ ትንሽ አቆይተሽ ንቀይና በመደበኛ ስራ 10 እስኪደርስ ወይም ራሱ እስኪተኛ ተጠቀሚበት፣ ከዛ ሳታቋርጪ ሙይው፣ ገደቡንም መልሺ። በየሁለት ሶስት ወሩ አንዴ ይበቃል፣ ቁጥሩ ካልተዛባብሽ ደሞ ጭራሽ አታድርጊው። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ካሊብሬሽን ቆጣሪውን ነው የሚያስተካክለው እንጂ ለባትሪው አንዲት ጠብታ አቅም አይጨምርለትም። @አሮጌው_ዊንዶውስ ድሮ "ሰርቷል" ያልከው ምናልባት ይሄ ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩ ሲስተካከል ባትሪው የዳነ ይመስላል።

አሮጌው_ዊንዶውስ

አሃ። ሊሆን ይችላል እንግዲህ። ግን 8 ሰአቱስ?

ሰርኪት_ቦርድ

8 ሰአቱም ለኒኬል ነው ወንድሜ። አዲስ ላፕቶፕ ከካርቶኑ ሲወጣ እንደውም ግማሽ ገደማ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፣ ለጉዞና ለማከማቻ የሚመቸው እሱ ስለሆነ። እንዳወጣኸው መጠቀም ትችላለህ።

ፔንግዊን_ነኝ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባዮስ አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ወይም ዊንዶውስ አዲስ ከጫናችሁ ገደቡ መብራቱን ቼክ አድርጉ፣ አንዳንዱ ላይ ሳይነግራችሁ ወደ 100 ይመለሳል።

ቀይ_ቀሚስ

ወስጄ መጣሁ። ቴክኒሻኑ ሲከፍተው ከሶስቱ ሴል ሁለቱ ትራስ መስለዋል፣ የታችፓዱ ገመድ ራሱ ተጨቁኖ ነበር። ባትሪው ወጣ፣ አዲስ እስኪመጣ በቻርጀር ብቻ ነው የምሰራው፣ ትንሽ ዝግ ይላል እንዳላችሁት። አዲሱ ሲገባ 60 ላይ ነው የማደርገው፣ ምንም ይዤው አልወጣም።

ሚሚ_ከቤት

እፎይ፣ እንኳን ደህና ሆንሽ!

ጠዋት_ጠዋት

በዚሁ ልጠይቅ፣ የድሮው ላፕቶፔ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፣ ካጠፋሁት ቆይቷል፣ ባትሪው ሲጠፋ ነው ያስቀመጥኩት። ችግር አለው?

ሰርኪት_ቦርድ

አለው። ሊቲየም ሙሉ ሆኖ መቀመጥ ይጎዳዋል፣ ባዶ ሆኖ መቀመጥ ደሞ ሊገለው ይችላል፣ ጠፍቶም ቢሆን በራሱ ቀስ እያለ ይወርዳልና። በጣም ሲወርድ መከላከያ ሰርኪቱ ለደህንነት ሲል ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ዛሬ አውጣና መጀመሪያ እብጠት እንደሌለው እየው፣ ከሌለው በራሱ ቻርጀር ሰካው፣ አይንህ እያየው። ከተቀበለ 50 ላይ አቁመው፣ በየጥቂት ወሩ እያየህ ወደ 50 መልሰው። ስታስቀምጠው ደሞ ስሊፕ ሳይሆን ሻት ዳውን አድርገው።

ጠዋት_ጠዋት

ሰካሁት። መጀመሪያ ምንም አላለም፣ ሀያ ደቂቃ ቆይቶ ነው መብራቷ የበራችው። 4 ፐርሰንት ይላል አሁን።